ቡችላዋ ከየት መጣች?

አንድ ቀን ማምሻውን ከሥራ ሲመለሱ የሚከተለው ነገር ቢያጋጥምዎ ምን ያደርጋሉ? ቀኑን ሙሉ ደክመው ከባጃጅ ወርደዋል። በአንድ እጅዎ ሽንኩርትና ዳቦ፣ በሌላው ቦርሳዎን ይዘዋል። በሀዋሳ ከተማ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ግቢዎ በር ሲደርሱ የሰባት ዓመት ልጅዎ ቆሞ ይጠብቅዎታል። በሹራቡ አንድ ነገር ጠቅልሏል። ሲገልጠው ገና ወር ያልሞላት የምትመስል፣ የምትንቀጠቀጥ ቡችላ ናት። «እማዬ፣ ከቦይ ዳር አገኘኋት። እኔ ነኝ የማበላት፤ እናሳድጋት» ይልዎታል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ «በል ከወሰድክበት መልስ!» ብለን ልጁን እናስለቅሳለን፤ ወይ ደግሞ ዕንባውን ላለማየት «እሺ፣ ይሁን» ብለን ወደ ማድቤት እንገባለን። ሁለቱም የችኮላ መልሶች ናቸው። በመጀመሪያው መልስ ቡችላዋ ወደ ቦዩ ትመለሳለች፤ ችግሩም ከበራችን ራቀ እንጂ ከሰፈራችን አልወጣም። በሁለተኛው መልስ ደግሞ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊዘልቅ የሚችል ኃላፊነት ሳናስብበት በአንዲት ቃል ተቀብለናል።

ውሻ ማሳደግ የሚጀመረው ውሻው ወደ ግቢ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ነው። ከየት እንደመጣ ያልተጠየቀ፣ ማን እንደሚያስከትበውና ማን እንደሚጠብቀው ያልተወሰነ ውሻ ውሎ አድሮ የመንገድ ውሻ ይሆናል። የመንገድ ውሻ ደግሞ ነገ የማንን ልጅ እንደሚነክስ አይታወቅም። የዛሬው ጽሑፋችን እናቶች ለዚህ ጥያቄ በችኮላ ሳይሆን በዕውቀት መልስ ይሰጡ ዘንድ የተዘጋጀ ነው።

ውሻና ግቢያችን

ውሻ በሀገራችን ከሰው ደጅ ሳይለይ የኖረ እንስሳ ነው። ገበሬው ከብቱን ከጅብ፣ ቤቱን ከሌባ የሚያስጠብቀው በውሻ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባልም ታማኝነቱን ሲመሰክር ኖሯል። ይሁን እንጂ የገጠሩና የከተማው ውሻ ኑሮ አንድ አይደለም። በገጠር ቤትና ቤት የተራራቀ ስለሆነ ውሻው ከጌታው ደጅና ማሳ እምብዛም አይርቅም። በከተማ ግን ከአጥሩ አንድ እርምጃ ሲወጣ የሚያገኘው የሌላ ሰው ልጅ ነው።

ሀዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ስትቆረቆር ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህም ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደ ከተማዋ መጥተው በኪራይ ቤት ይኖራሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ተከራይ መኖሩ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለው ግቢ ውስጥ አንድ ውሻ አለ እንበል። ትራፊ ምግብ የሚሰጠው ሁሉም ተከራይ ነው። «ውሻው የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ተከራይዋ የአከራዩ ነው ትላለች፤ አከራዩም ከበፊቱ ተከራይ የቀረ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሁሉም ያበሉታል፤ የሚያስከትበው ግን አንድም ሰው የለም።

ሌላም ልማድ አለ። ውሻው ቀን ታስሮ ይውልና ማታ «እስቲ ዘወር ዘወር ይበል» ተብሎ በሩ ይከፈትለታል። ባለቤቱ በሰላም ሲተኛ ውሻው መንገድ ላይ ያድራል። ሌሊት ከፈረቃ የምትመለሰው ሠራተኛ፣ ንጋት ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚሄዱት አዛውንት፣ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት የሚገሠግሠው ተማሪ ይህን ውሻ የሚያገኙት በዚህ ሰዓት ነው። ለእርስዎ ዘበኛ የሆነው ውሻ ለእነርሱ ሥጋት ይሆናል።

በሽታው ምንድን ነው?

ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፉት በሽታዎች ሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓይን በማይታይ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ የታመመው እንስሳ ሲነክስ ወይም ምራቁ በተጫረ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍ ሲገባ ይተላለፋል። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜ በሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ቁስሉ ወደ ራስ በቀረበ መጠን ጊዜው ያጥራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ከታከመ ደግሞ ሞትን ማስቀረት ይቻላል። እንግዲህ በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል። ከ100 ሟቾች ውስጥ 99ኙ በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 100 ሰዎች መካከልም 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ሀገራችንም ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በዓመት የሚሞተው ሰው 2 ሺህ 700 ያህል እንደሚደርስ ተገምቷል።

በሽታው ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በ1895 ዓ.ም በአዲስ አበባ ከተማ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ እንደነበር ተመዝግቧል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1877 ዓ.ም፣ ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በእብድ ውሻ የተነከሰ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ማዳኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ መከላከያው ከመቶ ዓመት በላይ በሰው እጅ ያለ ነው። ዛሬም ልጆች የሚሞቱት መድኃኒቱ ስላልተገኘ ሳይሆን፣ ውሻው ስላልተከተበ ወይም ልጁ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ስላልደረሰ ነው።

ቡችላ ከየት ይገኝ?

ውሻ ማሳደግ ከወሰኑ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቡችላው ከየት መጣ?» የሚለው ይሁን።

ከሁሉ የሚሻለው እናቱን በዓይንዎ ሊያዩ ከሚችሉበት ቤት መቀበል ነው። ጎረቤት ወይም ዘመድ ዘንድ የወለደች ውሻ ካለች ሄደው ይዩ። እናቲቱ የተከተበች ናት? የክትባት ካርድ አላት? ሰው ሲቀርባት ትረጋጋለች ወይስ ያገኘችውን ሁሉ ልትነክስ ትዘላለች? ቡችላ ጠባዩን ከእናቱና ከአስተዳደጉ ስለሚወስድ ይህን ማየት ብዙ ያስረዳዎታል። ቡችላውንም በሚገባ ይመልከቱ። ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው የማይዝረከረክ፣ ፀጉሩ ያልተነቃቀለ፣ የሚሮጥና የሚጫወት መሆን አለበት። አካሉ ከስቶ ሆዱ ብቻ የተነፋ ቡችላ ብዙውን ጊዜ የሆድ ትል አለበት።

ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። በእነዚያ ሳምንታት ከእናቱ ወተት ምግብ ብቻ ሳይሆን በሽታን የመከላከል ኃይልም ያገኛል። ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ሲጫወትም ጥርሱን እስከምን ድረስ ማሳረፍ እንደሚገባው ይማራል። ያለ ጊዜው የተነጠቀ ቡችላ በቀላሉ ይታመማል፤ ሲያድግም ፈሪና ተናካሽ ሊሆን ይችላል።

በከተሞቻችን መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው የሚሸጡ ወጣቶች አልፎ አልፎ ይታያሉ። «የፈረንጅ ዘር ነው» እየተባለም ዋጋ ይጨመርበታል። ከእንዲህ ያለው ሥፍራ ባይገዙ ይመረጣል። እናቱ የት እንዳለች አይታወቅም፤ ዕድሜው በሻጩ አፍ ነው፤ ስለ ክትባቱ የሚመሰክር ወረቀት የለም። ፓርቮ የሚባለውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትለው በሽታ ይዞ ከሆነ፣ ገና ልጅዎ ሳይጠግበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞትበት ይችላል። ከዚህም በላይ በእዝነት ተነሣሥተን አንዱን ስንገዛ ሻጩ ነገ ሌላ ቡችላ ከእናቱ ነጥቆ እንዲያመጣ እናበረታታለን።

ስለ ፈረንጅ ዘር ውሻም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ግዙፍ ውሻ ብዙ ይበላል፤ ሰፊ ሥፍራና የዕለት እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ ሲነክስም ጉዳቱ ከባድ ነው። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ የሚስማማ አይደለም። የሐበሻ ውሻ የሚባለው የሰፈራችን ውሻ አየሩን የለመደ፣ በጥቂት ምግብ የሚረካና ነቃ ያለ ዘበኛ ነው።

ሌላው መንገድ ደግሞ ቀድሞውኑ በደጅዎ ያለውን ማየት ነው። በግቢዎ በር ዘወትር የሚተኛ፣ ልጆችን የለመደ፣ ጠባዩ በሰፈሩ የታወቀ ባለቤት አልባ ውሻ ካለ፣ አዲስ ቡችላ ከማምጣት ይልቅ እርሱን ለእንስሳት ሐኪም አሳይቶ፣ አስከትቦና ማሰሪያ አድርጎለት «የእኛ ነው» ማለት ይቻላል። እንዲህ ያደረገ ቤተሰብ አንድ ውሻ አገኘ፤ ሰፈሩም አንድ የመንገድ ውሻ ቀነሰ።

ሴቷ ቡችላ ለምን ትጣላለች?

ወደ ልጅዎ ቡችላ እንመለስ። ከቦይ ዳር ለምን ተገኘች? መልሱ ቀላል ነው፤ ሴት ስለሆነች ነው። ውሻ ስትወልድ ወንዶቹን ጎረቤት ይወስዳቸዋል። ሴቶቹን ግን «ነገ ትወልድብናለች» ብሎ የሚቀበል አይገኝም። በካርቶን ተደርገው ከቆሻሻ መጣያ ወይም ከቦይ ዳር ይጣላሉ። ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተረፉት አድገው በመንገድ ላይ ይወልዳሉ። አንዲት ውሻ የምታረግዘው ለሁለት ወር ያህል ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በአንድ ጊዜ ስድስት ብትወልድ በዓመት አሥራ ሁለት መሆኑ ነው። እንግዲህ ከአንድ ግቢ የተጣለች አንዲት ቡችላ ሰፈሩን በውሻ ልትሞላው ትችላለች።

መፍትሔው መጣል አይደለም። ሴት ውሻ በእንስሳት ሐኪም እጅ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና እንዳትወልድ ማድረግ ይቻላል። ወንዱም እንዲሁ ሊኮላሽ ይችላል፤ ሲኮላሽ ሴት ፍለጋ መዞሩና ከሌሎች ውሾች ጋር መናከሱ ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ የማይቻል ከሆነ፣ ሴቷ በምትፈልግበት ወቅት ለሦስት ሳምንት ያህል ከግቢ እንዳትወጣ፣ ወንድም እንዳይገባባት በሚገባ መዝጋት ይገባል። ሀዋሳ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ከተማ ናት፤ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ስላለው ባለሙያዎች የሚሠለጥኑት እዚሁ በቅርባችን ነው። ስለ ክትባቱም ሆነ ስለ ቀዶ ሕክምናው ዋጋና ቀጠሮ በአቅራቢያዎ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ቀድመው ይጠይቁ።

ከመቀበልዎ በፊት

ቤተሰብዎን ሰብስበው እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቁ። ውሻው በጥሩ አያያዝ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፤ ያን ያህል ጊዜ ልንይዘው እንችላለን ወይ? ዛሬ «እኔ አበላታለሁ» ያለው የሰባት ዓመት ልጅ ያኔ ጎረምሳ ይሆናል። ቤት ብንለቅ ይዘነው እንሄዳለን ወይስ ለመጪው ተከራይ ትተነው እንሄዳለን? አከራዩ ፈቅደዋል ወይ? አጥሩ ቀዳዳ የለውም? «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንዲሉ፣ ውሻው የሚወጣበት ቀዳዳ ሌላም ነገር የሚገባበት ነው። በየዓመቱ የሚያስከትበው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኙ፣ አለመቀበል ነውር አይደለም። እንዲያውም «አንችልም» ብሎ ሌላ የሚችል ቤተሰብ መፈለግ ተቀብሎ ከመጣል እጅግ የተሻለ ነው።

ከተቀበሉ በኋላ

የመጀመሪያው ሥራ ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በሦስት ወር ዕድሜ ገደማ ሲሆን፣ ሐኪሙ በሚያዝዘው ቀን በየጊዜው ይደገማል። ካርዱን ከልጆችዎ የክትባት ካርድ ጋር አብረው ያስቀምጡ። ቀኑን ለማስታወስ የሚቸገሩ ከሆነ በመስቀል በዓል ሰሞን ያድርጉት፤ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ የሚታሰበው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 28 ቀን በመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ በመስቀል ማግሥት ይውላል።

የበዓል ነገር ከተነሣ ዘንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በፋሲካም ሆነ በመስቀል ወይም በአረፋ በየግቢው በግና በሬ ይታረዳል። ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲታይ «ይህ አይበላም» ተብሎ ጥሬውን ለውሻ ይወረወራል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ያ ከረጢት የትል ፅንስ የያዘ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ በሆዱ ያድጋል፤ ዕንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ልጆች ውሻውን ዳሰው ወይም አፈር ነክተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ ዕንቁላሉን ይውጡታል። ከዓመታት በኋላም በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው ዓይነት ከረጢት ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። ስለዚህ የማይበላውን የሆድ ዕቃ ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ፤ ለውሻው የሚሰጡትንም በደንብ ይቀቅሉ። የትል መድኃኒትም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይስጡት።

ለኑሮው ንጹሕ ውኃ፣ የቤት ምግብ፣ ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለልበት ሥፍራ ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ቁጡ ይሆናል። ግቢው የተዘጋ ከሆነ ይፈታ፤ ካልሆነም ረዘም ባለ ገመድ ታስሮ፣ በቀን አንድ ጊዜ ከሰው ጋር በማሰሪያ ይንሸራሸር። ማታ በሩን ከፍቶ መልቀቅ ግን ይቅር። መዥገሩን መልቀም ለልጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ አዋቂ በጓንት ወይም በላስቲክ እጁን ሸፍኖ ያድርገው።

ለልጆች የሚነገር

ልጅዎን እነዚህን ያስተምሩት። የሚበላ፣ የሚተኛና ቡችላ የሚያጠባ ውሻ አይነካም። የማያውቁት ውሻ አይዳሰስም፤ በድንጋይም አይወገርም። ውሻ ሲመጣ መሮጥ እንዲያባርር ስለሚያደርገው ቀጥ ብሎ መቆም፣ ዓይን ለዓይን አለመተያየት፣ ቀስ ብሎ መራቅ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ውሻ ቢነክስህ ወይም ቢቧጭርህ ለእኔ ብትነግረኝ አልቆጣህም» ይበሉት። ቅጣት ፈርቶ ቁስሉን በሱሪው ሸፍኖ ዝም ያለ ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የታመመ ውሻ ምልክቶችንም ይንገሩት፤ ያለ ምክንያት መንከስ፣ ለሀጭ ማዝረክረክ፣ የጩኸት መለወጥ፣ የመንጋጋ መውደቅ፣ ያለ ዓላማ መንከራተት። አንዳንዱ ግን አይቆጣም፤ ጨለማ ሥፍራ ገብቶ ዝም ይላል። «ውኃ ከጠጣ አላበደም» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ውኃ መፍራት በታመመ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት እንጂ ውሻ የሚለይበት አይደለም። ቡችላም ቢሆን በዚህ በሽታ ሊያዝ ይችላል።

ልጅዎ ቢነከስ

ሳይዘገዩ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። 15 ደቂቃ ልጅ ለሚያለቅስበት እናት ረዥም ነው፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን ብዙ ቫይረስ ያጥባል። ከዚያ አልኮል ወይም አዮዲን ካለ ያድርጉበት። ቡና፣ አመድ፣ በርበሬ፣ የተወቀጠ ቅጠል አይነስንሱበት፤ በጨርቅም አጥብቀው አይቋጥሩት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይናቁት።

በሀገራችን ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በየዕለቱ መወጋትን ይጠይቅ ነበር። ያን የሚያስታውሱ ብዙ ሰዎች ዛሬም መርፌውን ይፈራሉ። በዘመናዊው ክትባት የመርፌው ቁጥር ጥቂት ነው፤ በተወሰኑ ቀናት ተከፋፍሎ ይሰጣል። ሕመም የለም ብሎ በመሐል ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ክትባቱን መውሰድ ትችላለች። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ሐኪሙ ተጨማሪ መድኃኒት በቁስሉ ዙሪያ ሊሰጥ ይችላል። ጠበል መጠመቅም ሆነ ጸሎት የሚያምን ሰው መብት ነው፤ ክትባቱን ግን ማንም በሌላ ነገር አይተካ። በሥራ ሥር እታከማለሁ ሲል የሚያልፈው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

ውሻውን ደግሞ ወዲያው ለመግደል አይቸኩሉ። ባለቤት ያለው ከሆነ ታስሮ ለ10 ቀን በባለሙያ ይታይ። በሚነክስበት ጊዜ በሽታውን በምራቁ ያስተላልፍ የነበረ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10 ቀን በጤና ከቆየ ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ይህ ማለት ግን ሕክምናው 10 ቀን ይጠብቅ ማለት አይደለም፤ መጀመሩንም ማቆሙንም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የሰፈር ጉዳይ ነው

ምናልባት «እኔ ውሻዬን አስከተብኩ፤ የጎረቤቴስ?» ይሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት 100 ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ውሾችን በጅምላ ስትከትብ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ በሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው የሌለባት መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። ይህን ያደረገችው ውሾቿን ፈጅታ አይደለም።

በልዩ ልዩ ከተሞች ውሾችን በመርዝ መግደል ሲሠራበት ኖሯል። ነገር ግን የተገደሉት ውሾች ሥፍራ ባዶ አይቀርም፤ ምግቡና ቆሻሻው እስካለ ድረስ ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ይተኩባቸዋል። መርዙ ለልጆችና ለቤት እንስሳትም ያሰጋል፤ የሞተውን ውሻ የሚበሉትን አሞራዎችም ይገድላል። የተከተበ ውሻ በሕይወት መኖሩ ራሱ ለሰፈሩ አጥር ነው።

ሕጉም ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። «አምልጦኝ ነው» ማለት አያድንም ማለት ነው።

ስለዚህ በእድርዎ፣ በዕቁብዎና በቡና ጊዜ ይህን ጉዳይ ያንሡት። በመንደሩ ስንት ውሻ አለ? ስንቱ ተከትቧል? አሥር ቤት ተስማምቶ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ለባለሙያውም ይቀላል። ለአንድ ውሻ ክትባት የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ የተነከሰ ሰው ሕክምና ከሚወጣው እጅግ ያንሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ በሩ እንመለስ። ልጅዎ ቡችላዋን አቅፎ መልስዎን እየጠበቀ ነው። አይቆጡት፤ ለፍጡር ማዘኑ መልካም ጠባይ ነው። እጁን በሳሙና ያስታጥቡት፤ ነክሳው ወይም ቧጭራው እንደሆነም ይጠይቁት፣ ገላውንም ይመልከቱ። ከዚያ «ከየት አመጣሃት?» ብለው አብረውት ሄደው ይዩ። ወላዷ በጎረቤት ግቢ ካለች፣ ቡችላዋ እስከ ሁለት ወሯ ከእናቷ ጋር እንድትቆይ ከባለቤቷ ጋር ይነጋገሩ፤ ስለ ክትባቱም ያስታውሷቸው። እናቷ ካልተገኘች ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩአት። ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያንሡ። መልሱ «እንችላለን» ከሆነ ሴት ናት ብለው አይግፏት፤ ክትባቷንና እንዳትወልድ የሚደረግላትን ሕክምና አስበው ይቀበሏት። መልሱ «አንችልም» ከሆነም ለልጅዎ ምክንያቱን አስረድተው፣ የሚችል ቤተሰብ አብራችሁ ፈልጉላት። ብቻ ወደዚያ ቦይ ተመልሳ እንዳትጣል።